የቤት ሥራ ማርክ ይቅርብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ኦንላይን ትምህርትና ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀባብለን አነበብነው። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጸሐፊው ከአሜሪካ እስከ ቻይና ዞሮ ዞሮ አንድም ክፍል ውስጥ ሳይገባ ተመለሰ። እኔ ደግሞ የምውለው ክፍል ውስጥ ነው። ደሴ ላይ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ኮቴ ከቾክ አቧራ ጸድቶ አያውቅም። እስኪ ያየሁትንና የቤት ሥራ ማርክ ይቅር የምልበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች አሳይመንት ሰጠሁ። ከፎቅ ላይ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል የሚል ነው። ፎርሙላውን የያዘ ልጅ በአራት መስመር ይጨርሰዋል። አንዱ ልጅ ሁለት ገጽ ይዞልኝ መጣ። ጽሕፈቱ ያምራል፣ በገዛ እጁ ነው የጻፈው። አሠራሩ ግን በዴሪቬቲቭና በኢንቴግራል ነው፤ ይሄ እኛ ጋ አስራ ሁለተኛ ክፍል የሚደረስበት ነገር ነው። ወደ ሰሌዳ ጠራሁትና ራሱ የጻፋትን «ዲቪ ሲካፈል ለዲቲ» ጻፍኩለት።

«ይቺ ዲ ምንድናት?» አልኩት።

ሰሌዳውን አየ። ጓደኞቹን አየ። «ቲቸር፣ ዲ ከላይም አለች፣ ከታችም አለች። ስለዚህ ትሰረዛለች» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዲ የምትሰረዝ ቁጥር አይደለችም፣ «እጅግ ትንሽ ለውጥ» የምትል ምልክት ናት። እኔ ግን ልስቅም ልቆጣም አልቻልኩም። ለምን ብትሉ፣ ልጁ የሚያውቃትን ሕግ ነው የተጠቀመው። ከላይና ከታች ያለ ተመሳሳይ ነገር ይሰረዛል ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው መልስ ትክክል ነው፣ አስር ከአስር ያሰጣል። ልጁ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ሲገለብጥ አንዷም መስመር ራሱ ውስጥ አልገባችም።

ከየት አመጣኸው ብዬ አልተጨነቅኩም፤ ሁላችንም እናውቃለን። ቴሌግራም ላይ ቦት አለ። ጥያቄውን ፎቶ አንስተህ ትልክለታለህ፣ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ መልሱ ይመጣል። ተጠይቆ የሚመልሰው ቻትጂፒቲ ከወጣ እኮ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 ነው ለሕዝብ የተለቀቀው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ ግን ከዚያ በፊት በሥራ ዘመኔ ሁሉ ካየሁት ይበልጣል።

ለነገሩ ማሽን ወደ ክፍላችን ሲገባ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። ፕላዝማን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እኔ ሥራ የጀመርኩት እሱ በመጣበት ሰሞን፣ 1996 እና 97 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ታብራራለች፣ በመሃል «አሁን ይህን ጥያቄ ሥሩ» ትላለች፣ ሰከንድ መቁጠሪያው ይሮጣል፣ ልጆቹ ገና እስክሪብቶ ሲፈልጉ «ዌል ደን!» ብላ ትቀጥላለች። ዌል ደን ለማን? ማንም አልሠራም። እኔ ከጎን ቆሜ አያለሁ። አንድ ልጅ እጁን ቢያወጣ አታየውም፣ ቆይ ብትላት አትሰማም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ሳልዋሽ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት እነዚያን ሙከራዎች በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነበር፤ እኔ በቃል የማስረዳውን ልጁ እዚያ ያየዋል።

ፕላዝማ አይጠየቅም ነበር። ይሄኛው ደግሞ ተጠይቆ ዝም ማለት አይችልም። እኔ ልዩነቱን የማየው በዚህ ነው። ሁለቱም ጋ የጠፋው ግን አንድ ነገር ነው፣ ልጁ ራሱ የሚታገልባት ያቺ አምስት ደቂቃ። ፕላዝማ በፍጥነቱ ወሰዳት። ቦቱ ደግሞ በደግነቱ።

አሁን ወደ ውጭው ዓለም ልሂድ፣ ጸሐፊያችሁም የሄደበት ስለሆነ። የኦንላይን ትምህርት ሲጀመር ተስፋው ሌላ ነበር። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2001 የኮርሶቹን ይዘት በነጻ በኢንተርኔት እለቃለሁ ሲል፣ በ2012 ደግሞ ኮርስ በኢንተርኔት የሚሰጡት እነ ኮርሴራና ኤዴክስ ሲመጡ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ግቢ ሊዘጋ ነው ያለው ብዙ ነው። አልተዘጋም። በነጻ ኮርስ ከሚመዘገበው ውስጥ እስከ መጨረሻ የሚዘልቀው በአብዛኛው ከመቶ አስር እንኳ አይሞላም።

ይሄ ለኔ አይገርመኝም፣ ራሴ አይቼዋለሁ። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ የኦንላይን ኮዲንግ ሥልጠና አለ አይደል? እኛ ትምህርት ቤት ስድስት ሆነን ተመዘገብን። ሰርተፍኬት የያዝነው ሁለት ነን፣ እኔና የባዮሎጂው መምህር። ከሌሎቹ ስለበለጥን እንዳይመስላችሁ። እኛ ሁለታችን ጎረቤት ነን፤ ማታ ማታ አንዱ ቤት ተቀምጠን በአንድ ስልክ ኢንተርኔት እየተካፈልን «እስካሁን እዚህ ነህ እንዴ?» እየተባባልን ስለጨረስነው ነው። ሌሎቹ ብቻቸውን ነበሩ። ብቻውን የሚማር ሰው ኔትወርክ የቆረጠ ቀን ይቆማል፣ ማግስቱን ደግሞ ይረሳዋል።

ከሁሉ ከሁሉ ጸሐፊያችሁ ቢያነሳው ብዬ የተመኘሁት የቱርኩን ጥናት ነው። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ትምህርቱ ሒሳብ፤ ከአጥኚዎቹ ብዙዎቹ የአሜሪካው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ልጆቹን ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። የመጀመሪያው ቡድን እንደ ድሮው በመጽሐፍና በደብተር ይለማመዳል። ሁለተኛው እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ነገር ተሰጠው፣ ያሻውን ይጠይቃል። ለሦስተኛው የተሰጠው ልጓም የገባለት ነው፤ መምህራን ባዘጋጁት መሠረት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ መልሱን አያወጣም። ልምምድ ላይ ሁለተኛው ቡድን ከመጀመሪያው በ48 ከመቶ በለጠ። ሦስተኛውማ በ127 ከመቶ። እዚህ ላይ ቆመን ቢሆን ኖሮ እልል ነበር። ከዚያ ማሽኑን ነጠቋቸውና ፈተኗቸው። ያሻውን ይጠይቅ የነበረው ቡድን ማሽኑን ካላየው ቡድን በ17 ከመቶ ወረደ። ፍንጭ ብቻ ያገኘው አልወረደም፣ ግን ያ ሁሉ ብልጫ ፈተናው ላይ አልታየም። የወረዱት ልጆች ደግሞ እንደወረዱ አልታወቃቸውም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። የኔም ልጅ ሰሌዳ ላይ እስኪወጣ ድረስ የገባው መስሎት ነበር።

ስለዚህ ይከልከል? የኒውዮርክ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ጥር 2023 ላይ ከለከሉት፣ አምስት ወር ሳይሞላ ክልከላውን አነሱት። ልጁ ግቢ ውስጥ ቢከለከል ቤቱ ይጠቀማል፤ አሳይመንት ደግሞ የሚሠራው ቤት ነው። ማሽን የጻፈውን በማሽን እንያዝ የሚሉም አሉ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኩባንያ ራሱ እንዲህ ያለ መለያ አውጥቶ ነበር፣ ብዙ ስለሚስት በወራት ውስጥ አነሳው። ስታንፎርድ የተሠራ ጥናት ደግሞ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በእጃቸው የጻፉትን ድርሰት ለእነዚህ መለያዎች ሰጥቶ ነበር፤ ከግማሽ በላዩን «ማሽን የጻፈው ነው» አሉት። ቀላል ቃል፣ አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ከመጽሐፍ የተሸመደደ አገላለጽ፤ ይሄ እኮ የኛ ልጅ እንግሊዝኛ ነው! አንድ የማውቀው መምህር በዚህ ምክንያት ጎበዟን ልጅ ኮረጅሽ ብሎ ዜሮ ሰጥቷት፣ አጠገቡ አስቀምጦ ሌላ ድርሰት ሲያጽፋት ያው ራሷ ሆና አገኛት። ይቅርታ ጠየቃት። ስንቱ ይጠይቃል?

ደቡብ ኮሪያ በሌላ በኩል ሄደች። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ላይ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የገባበት ዲጂታል መጽሐፍ ትምህርት ቤት አስገባች። ወላጅም መምህርም አጉረመረመ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ፓርላማቸው ከመማሪያ መጽሐፍነት አውርዶ አጋዥ ጽሑፍ አደረገው። ገንዘብም ኢንተርኔትም በተረፈበት አገር ማለት ነው። ቻይናዎቹ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናቸው ሰሞን ኩባንያዎቹ ጥያቄን ከፎቶ አንብቦ የሚመልሰውን አገልግሎት ለፈተናው ሰዓት ዘጉት። ይቺን ወድጃታለሁ።

ማሽኑን ብቻ የምረግም እንዳልመስል ግን ሌላውንም ልናገር። የወንድሜ ልጅ አስረኛ ክፍል ናት። ክፍሏ ውስጥ ስልሳ ምናምን ልጅ አለ። ዓይነ አፋር ናት፣ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። አንድ ማታ እኛ ቤት መጥታ ከስልኳ ጋር ስታወራ ሰማኋት። ስለ ኤሌክትሪክ ሰርኪት ነው። «አልገባኝም፣ እንደገና» ትላለች። ያስረዳታል። «አሁንም አልገባኝም፣ በውሃ ቱቦ አድርገህ ንገረኝ» ትላለች። ይነግራታል። ስቆጥር ስድስት ጊዜ ጠየቀችው። ስድስት ጊዜ! እኔ ሦስተኛው ላይ ፊቴ ይለወጣል፣ አልዋሽም። እሱ አይሰለች፣ አይቆጣ፣ ክፍሉ አይስቅባት። ለዚህች ልጅ ይሄ ነገር በረከት ነው።

ናይጄሪያም የሆነው ይሄው ነው። ኤዶ በምትባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ባንክ ድጋፍ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለስድስት ሳምንት ኮምፒውተር ክፍል አስገቧቸው። እንግሊዝኛ በቻትቦት ይማራሉ፣ መምህሩ ግን ከክፍሉ አይወጣም፤ ምን ብለው እንደሚጠይቁ ያሳያል፣ ሲሳሳት ያርማል። ውጤቱን አጥኚዎቹ ከሁለት ዓመት ገደማ የተለመደ ትምህርት ጋር አመሳሰሉት፤ ወደኋላ ቀርተው የነበሩት ሴት ልጆች ደግሞ የበለጠ ተጠቀሙ። ልብ በሉ፣ መምህሩን አላስወጡትም። እኛን በፕላዝማ ጊዜ እንደ መብራት አብሪና አጥፊ ከጎን ነበር ያቆሙን።

አማርኛው ጋ ደግሞ ገና ነው። እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። በአማርኛ ስጠይቀው አንዱ አንቀጽ ላይ «ኃይል» ያለው ፎርስን ነው፣ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ላይ «ኃይል» ያለው ፓወርን፣ ወረድ ብሎ ደግሞ ኢነርጂንም ኃይል አለው። እነዚህ በፊዚክስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጁ በየትኛው ይያዘው? ፊደላችን ለነዚህ ማሽኖች አይመቻቸውም። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ባይት (የማከማቻ ቦታ መለኪያ ነው) ሲይዝ የኛ «ሀ» ሦስት ትይዛለች። አንዱን ሐሳብ በአማርኛ ስትሰጠው ብዙ ቦታ ይቆራርጠዋል፤ ያነበበው የአማርኛ ጽሑፍም ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። (ለሐቁ ከሆነ እኛ መምህራኑም ኃይልና ጉልበትን እናምታታለን። ማሽኑ ከማን ይማር?)

እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ወሬ መነሻ ወደሆነው ነገር ልምጣ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤት ተሠርቶ የሚመጣ ነገር ማርክ አይሰጠው። አሳይመንት ይሰጥ፣ ይታረም፣ ማርኩ ግን ዜሮ ይሁን። ተከታታይ ምዘና የምንለው ነገር ውስጥ አስርና አስራ አምስት ከመቶ የሚይዘው አሳይመንትና ፕሮጀክት ዛሬ የሚለካው ልጁ ምን እንደሚያውቅ አይደለም። ማን ስልክ እንዳለው፣ ማን ፓኬጅ እንደገዛ ነው የሚለካው። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ በአራት መስመር ራሱ ሠርቶ አንዷን ነጥብ ስቶ ስምንት ያገኛል፤ ዲ ትሰረዛለች ያለው ልጅ አስር ያገኛል። ይሄ ፍርድ ነው?

ኩረጃ ከቦቱ በፊትም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ነበር። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ኩረጃ እንዳይኖር ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በገባበት በ2014 ዓ.ም. ሃምሳ ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4። ያኔ ሁሉም ሰው ደነገጠ። እኔ የደነገጥኩት እነዚያው ልጆች ካርዳቸው ላይ ሰማንያና ዘጠና እንደነበራቸው ስለማውቅ ነው። እኛ ነን የሰጠናቸው። ከጓደኛ ለተገለበጠ አሳይመንት እየሰጠን ነበር፣ አሁን ደግሞ ከማሽን ለተገለበጠው እየሰጠን ነው። ያኔ ቢያንስ የሚገለበጥለት አንድ የሠራ ልጅ ነበር።

በምን ይተካ ካላችሁ፣ እኔ የጀመርኩትን ልንገራችሁ። አንድ ክፍል ውስጥ 65 ልጅ አለኝ። እያንዳንዱን ሦስት ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ባናግረው 195 ደቂቃ ነው፣ አምስት ክፍለ ጊዜ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በአንዴ አይሆንም። ስለዚህ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ስማቸውን በወረቀት ጽፌ ከተትኩ። በየክፍለ ጊዜው አምስት ዕጣ አወጣለሁ። የወጣለት ልጅ ቤት የሠራውን ይዞ ይወጣና አንዷን መስመር ያስረዳል፣ የትኛዋን እንደሆነ የምመርጠው እኔ ነኝ። አስራ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ስላለኝ ከወር ትንሽ ሲያልፍ ሁሉም ይደርሰዋል። በቦት መሥራት አልከለከልኩም። ከፈለክ ከጎረቤትህ ጠይቅ፣ ከፈለክ ከማሽን ጠይቅ፣ ግን ቆመህ ታስረዳኛለህ።

ቀላል አይደለም። የማስተምረው ከሁሉም ክፍል ጋር ሲባዛ ድካም ነው፣ ምዕራፍም ወደኋላ ይቀርብኛል። አንድ አባት መጥተው የልጄ ማርክ ለምን ወረደ ብለው ቢሮ ድረስ ከሰውኛል። ወረቀቱን አሳየኋቸው፣ ቀጥሎ ልጁን ጠራሁትና ሥራውን እንዲያስረዳን ጠየቅኩት። አባትየው ዝም ብለው ሰሙና «በሉ እሺ መምህር» ብለው ሄዱ። ማታ ቤት ምን እንደተባለ አላውቅም። ልጁ በማግስቱ የፊት ወንበር ላይ ነበር።

የትምህርት ቢሮ ሰዎች ይህን ጋዜጣ ካነበቡ ጥያቄዬ ይሄው ነው። ታብሌት አልጠየቅኩም፣ ፕሮጀክተር አልጠየቅኩም። የማርክ ክፍፍሉን ሠንጠረዥ አስተካክሉልን፣ የክፍሉን ተማሪ ቁጥር ብትቀንሱልን ደግሞ ምርቃት ነው።

ያ «ዲ»ን የሰረዘው ልጅ ደግሞ ባለፈው ሐሙስ በእረፍት ሰዓት መጣ። «ቲቸር፣ ታዲያ ለምንድነው የማትሰረዘው?» አለኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ልለው ነበር፣ አፌን ያዝኩ። ቾክ አነሳሁና አንድ ባጃጅ ከፒያሳ ቁልቁል ስትወርድ ሣልኩለት። በየሰከንዱ የሄደችውን ርቀት ምልክት አደረግን፣ ከዚያ ሰከንዱን ግማሽ አደረግነው፣ ከዚያ የግማሹን ግማሽ። «እስከ ስንት ድረስ ነው የምናሳንሰው?» ሲለኝ ደወሉ ተደወለ። ሰሌዳውን እንዳይጠርጉት ለሞኒተሯ ነግሬ ወጣሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ከደሴ